የአዋላጆቹ ስልክ

ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚሄደው ሚኒባስ ከመምህርት መታሰቢያ ጎን የተቀመጠው ሰው፣ ኮቱን እንደ ድሮ መምህራን እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፎታል። በእጁ የያዘው አሮጌ ስልክ ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ ነው። በእሱ ላይ አንድ መተግበሪያ ደጋግሞ ይከፍታል፤ በከፈተ ቁጥር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሰከንድ ይቆጥራል። በሌላው ስልኩ ደግሞ መተግበሪያውን ያሠራውን ሰው ይቆጣል።

«ኦቦ ሮቤራ፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለአይፎንም ለአንድሮይድም ይሁን ትሉኛላችሁ። እንደዚያ ሲሠራ መተግበሪያው ከበደ፤ ይኸው አሮጌው ስልክ ላይ ስታክ አደረገ! አይፎን የያዘው ሥራ አስኪያጃችሁ ብቻ ነው። እሱን ምጥ ይይዘዋል እንዴ? የገጠር አዋላጆች የያዙት እንዲህ ያለውን ነው። ለእነሱ ብቻ ቀለል አድርጌ ልሥራው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ!»

ዘጋው። መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «በስልክ የተነሳ ነው እንዲህ የምትንጨረጨረው፣ ወንድሜ?» አለችው።

«አምቡላንስ መጥሪያ ነው፣ አዴ።»

«ልጆች አሉህ?»

«አንድ ሊኖረኝ ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «አምቡላንሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ነበር። አዋላጇ ስልኳ ላይ መጥሪያው እስኪከፈትላት ትጠብቅ ነበር።»