ለእድገት የሚተው አራት ጣት

እትዬ ሜትር በዕድሜያቸው የስንቱን ሰው ወገብ ለክተዋል፤ የራሳቸውን ግን ማንም ለክቶት አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለኖሩ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሲሰፉም ከጫፉ አራት ጣት ወደ ውስጥ ሳያጥፉ አይለቁም። “ልጅ ያድጋል” ይላሉ። “ሰፊው ይጠባል፤ ጠባቡ ግን ከየት መጥቶ ይሰፋል?”

ደግ ዘመን ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጡና ያቺ ትንሽ የስፌት ክፍል በጫጫታ ትሞላለች። እሳቸውም የስፌት መኪናዋን በእግራቸው እየረገጡ፣ “አርፈህ ቁም! አፍንጫህን አብሬ እንዳልሰፋው!” እያሉ ያስቁ ነበር። የገዛ ልጃቸው እንኳ አንዲት ቀሚስ አራት ዓመት ለብሳለች። እጥፋቱ በተፈታ ቁጥር የድሮው ምልክት አይለቅምና ጓደኞቿ “ባለ ሦስት መስመር” ሲሏት እያለቀሰች ትገባ ነበር። ዛሬ ስታወራው ትስቃለች።

አምና ከደረጃ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ፤ እግሮቻቸውም አልታዘዝ አሏቸው። መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሳ ቀረች። ልጃቸው የእጅ ማዞሪያ አስገጠመችላት። የቀረው እሳቸው እዚያ መድረሳቸው ብቻ ነው። “ሰው ተሸክሞ እንዲያደርሰኝ አልፈልግም” አሏት። “በገዛ እጄ ካልደረስኩ ሽጪያት።”

የዊልቸሩ ባለሙያ ቤት ድረስ መጣ። ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ጥያቄው ግን አያልቅም። “በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጡበታል፣ እናቴ? ራስዎ ነዎት የሚያሽከረክሩት ወይስ ሰው ይገፋዎታል? ደጅስ ይወጣሉ?”

“ልትድረኝ ነው እንዴ?” አሉት። “ራሴ ነኝ። ቀኑን ሙሉ እቀመጥበታለሁ። ሥራ አለብኝ።”

ሳቀና ሜትሩን አወጣ። እትዬ ሜትር ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። የዳሌያቸውን ስፋት ከጎን እስከ ጎን ለካ፤ ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር።

“ሜትርህ ልክ አይደለም!” አሉ። ከትራሳቸው ሥር የራሳቸውን መዘው ሰጡት። አርባ ዓመት ዋሽቷቸው የማያውቀው ሜትርም ሠላሳ ስምንት አለ። ድሮ የበር መቃን ይሞሉ የነበሩት ሴት ቁጥሩን ደግመው አዩት።

“እንግዲህ መቀመጫው አርባ ሳንቲሜትር ይሆናል” አለ ባለሙያው።

“ኧረ አርባ ስድስት ይሁን!” አለች አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው። “ሰፋ ሲል ነው የሚመቻት። ሰፊው ይጠባል፤ እማዬ ያስተማረችን ይህንን ነው።”

“ልብስ አይደለም እህቴ። ከሰፋባቸው ወደ ጎን ያጋድላሉ፤ ክንዳቸውም ጎማው ላይ በደንብ አይደርስም።”

“ልጄ እውነቷን ነው” አሉ እትዬ ሜትር፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። “ትንሽ ይትረፍ። ተሽሎኝ ወደ ድሮ ገላዬ ብመለስስ?”

ባለሙያው ተነሳ። ሄዶ የስፌት ክፍሏን በር ለካ፤ ስልሳ ሦስት። “ጎማዎቹ በመቀመጫው ስፋት ላይ ሃያ ይጨምራሉ” አለ ቀስ ብሎ። “አርባው ያልፋል። አርባ ስድስቱ ግን እዚህ ደጃፍ ላይ ይቀራል፣ እናቴ።”

እትዬ ሜትር በሩን አዩ። በበሩ ውስጥ ጨርቅ የለበሰችው መኪና ትታያለች። ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ጠቀለሉ።

“በልኬ አድርገው፣ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ከእንግዲህ አላድግም።”

ልጃቸው ውኃ ላምጣ ብላ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ውኃውንም ረስታዋለች።

ዊልቸሩ የመጣ ዕለት እትዬ ሜትር ማንንም አላስጠጉም። በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ከጎማው ላይ አነሱ፤ መቃኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ከግራም ከቀኝም አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ክፍተት ቀርቷቸው አለፉ። “እሰይ!” አሉ ብቻቸውን። ጨርቁን ከመኪናዋ ላይ ገፈፉና ለመቀመጫቸው ትራስ ልብስ መስፋት ጀመሩ።

ሲጨርሱ ልጃቸው ተቀብላ፣ እንደ ልጅነቷ ልማድ፣ ጫፉን ገልብጣ አየች። አራት ጣቱ የለም። በልኩ ነው የተሰፋው።