ኦልራይትና ግራጫዋ በቅሎ

«ኦልራይት» የምትባለው የእንግሊዝ ቃል አንዲት ግራጫ በቅሎና የአንድ ክረምት ንግድ አስከፍላኛለች። ያስተማረኝ ሰው ግን በነጻ ነው የሰጠኝ።

ቡራዩ ላይ መንገድ ለሚያሠራ ፈረንጅ እንቁላል አቀርብ ነበር። እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ አይቶ ደስ ሲለው «ኦልራይት» ይላል። ዋጋ ጨምር ስለው «ኦልራይት፣ ኦልራይት» እያለ በእጁ በሩን ያሳየኛል። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥም፣ ሠራተኛ አቤቱታ ሲያቀርብለትም ያችው ናት። እኔ ከገበሬ አንዲት ዶሮ ለመግዛት የቤቱን፣ የልጁን፣ የላሙን ጤና በአማርኛም በኦሮምኛም ስጠይቅ ግማሽ ቀኔ ያልቃል። እሱ በአንዲት ቃል አገር ያስተዳድራል። ቀናሁና ወሰድኳት።

ሰበታ ላይ የጭነት መኪና ጎን መታ አድርጌ «ኦልራይት!» ስል ሾፌሩ ይነዳል። ጠጅ ቤት እንዴት ነህ ሲሉኝ፣ ኦልራይት። ቤቴ ውስጥ ግን ብዙም አልሠራችልኝም። ሚስቴ ጤፍ አለቀ ስትለኝ «ኦልራይት» እላታለሁ።

«እሺ፣ እሱን አስፈጭተህ አምጣና ላቡካው» ትለኛለች።

ያን ጊዜ ከጫንጮ ቅቤ እየገዛሁ በሁለት አህያ ሱሉልታ አመጣና በመኪና ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ክረምት ሲገባ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ይሞላል፤ አህዮቼ ውሃ ሲያዩ እንደ ግንብ ይቆማሉ። በቅሎ ካላገኘሁ ደንበኞቼን ሌላ ነጋዴ ሊወስዳቸው ነው። ሱሉልታ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የምትሸጥ ግራጫ በቅሎ እንዳላቸው ሰምቼ ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር ተከራክረን በዋጋ ተስማማን።

እዚያ አገር ታዲያ ዋጋ የነገሩ ግማሽ ነው። ሻጩ እርጥብ ሣር ነጭቶ፣ ገዢውን አስቀምጦ ይመርቃል። ገዢው አሜን እያለ ሣሩን ይቀበላል። የበቅሎዋ ገመድ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉኝ ሣር ለመንጨት እያጎነበሱ።

መንገድ ዳር ደግሞ ቅቤዬን የጫነው መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። የሽማግሌው ምርቃት ከቅድመ አያታቸው ነው የሚነሳው።

«ኦልራይት፣ አባቴ! ኦልራይት! ነገ ገንዘቡን ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብዬ ሮጥኩ። ዞር ስል ሣሩን እንደያዙ ቆመዋል።

በማግስቱ ስመጣ በረቱ ባዶ ነው። እኔ በሄድኩበት ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ የጨው ነጋዴ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው አሜን ብሎ ወስዷታል።

«አባቴ፣ ተስማምተን አልነበር?»

«በዋጋማ ተስማምተናል። ምርቃቱን እጄ ላይ ጥለህብኝ ሄድክ። ሳይመረቅ የወጣ ከብት እኛ ቤት የለም።»

«ኦልራይት ብዬዎት ነበር እኮ!»

«ሰምቻለሁ። መሬቴን የለኩት ፈረንጆችም እንደዚያ እያሉ ነው የሄዱት። አሜን ግን አላልክም።»

«አሁን ልበል እንግዲህ! አሜን!»

«ለምኑ?» አሉ ባዶውን በረት እያዩ።

ሌላ በቅሎ አላገኘሁም። ወንዙ ሞላ፤ አህዮቹ ቆሙ፤ የጫንጮ ባለ ቅቤዎች ለጨው ነጋዴው ሸጡ። መስከረም ላይ ሂሳቤን ስዘጋ በቅሎ የለም፤ የቅቤ ንግድ የለም፤ ሁለት አህያ አለ።