ዋቅሹማ ሲገለብጥ

የባምባሲዋ ኡርጂ የልጇን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። «ዋቅሹማ አሶሳ ምን ይሠራል?» ሲሏት «ይገለብጣል» ትላለች፤ ከዚያ በላይ እሷም አታውቅም። «ተማሪ ሳለ ከጓደኛው ገለበጠ ተብሎ ተገረፈ፤ ዛሬ ገልብጥ ብለው ደመወዝ ይከፍሉታል። መማር ደጉ!» ብላ ትስቃለች።

እውነቷን ነው። የዋቅሹማ ሥራ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ሰንጠረዥን አሶሳ ወዳለው የጤና ቢሮ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ዋቅሹማ ንጋት ላይ፣ ከተማው ስልኩን ሳይነካካ ተነሥቶ የአዲስ አበባውን ይቀዳል፤ መሥሪያ ቤቱም ቀኑን ሙሉ በዚያ ቅጂ ይሠራል። ሥራውንስ ያውቃል፤ ችግሩ ማወቁን አብዝቶ ማወቁ ነው። ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ስገለብጥ አንዲት ነጥብ መሬት አትወድቅም» ይላል። እዚያ የነበረውንና እዚህ የደረሰውን ቆጥሮ ማመሳከርማ ለእሱ የጀማሪ ሥራ ነው።

ባለፈው ጥር የዓይን ሐኪሞች ለሦስት ቀን አሶሳ ሊመጡ ሆነ። የዓይን ሞራ ያለባቸው ሰዎች በየወረዳው አስቀድመው ተመርምረዋል፤ የሚታከመው ዓይን የትኛው እንደሆነ፣ የደም ግፊታቸው፣ የስኳራቸው ልክ ሁሉ አዲስ አበባ ተመዝግቧል። ሐኪሞቹ ያለዚያ መረጃ የማንንም ዓይን አይነኩም።

እሑድ ንጋት ዋቅሹማ መገልበጥ ጀመረ። ፕሮግራሙ ግን ጥቂት ረድፍ በሄደ ቁጥር ቆሞ በቀይ ይጮኽበታል። አንዴ ታገሠው፣ ሁለቴ ታገሠው፣ በሦስተኛው ደሙ ፈላ። የማያስገባውን ረድፍ እንዲዘልለው ትእዛዝ ጻፈለት። ኮምፒውተር መቼም ታዛዥ ነው፤ ዘለለ። ቀዩም ጠፋ። ዋቅሹማ ስም ዝርዝሩን አትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈና ሳምቡሳውን ሊበላ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ከኩርሙክ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ዐብዱልቃድር ይባላሉ። የባለቤታቸውን የሀምዲያን እጅ ይዘዋል። ሀምዲያ ቀንና ሌሊትን ከመለየት በቀር ምንም ካላዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስማቸው ግድግዳው ላይ የለም።

«አልተመዘገቡም፣ አባባ» አለ ዋቅሹማ።

«ተመዘገበ። ወረቀት አለ» አሉ ዐብዱልቃድር፣ የመመዝገቢያዋን ቁራጭ ከኪሳቸው እያወጡ። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ዋጋ ይሸጡታል።

«ወረቀቱ ይኑር፤ ዳታው ላይ ግን የሉም። ሁሉንም እኔ ራሴ ገልብጬዋለሁ።»

ሽማግሌው ክው አሉ። «ተገለበጠ? የት?»

«ከአዲስ አበባ ወደዚህ።»

«ያ አላህ! ሰው ሞተ?»

በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ዋቅሹማ ጆሮው ቀላ። «መኪና አይደለም፣ አባባ! ስም ነው የገለበጥኩት፣ ስም!»

ዐብዱልቃድር ወረቀቷን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «የኩርሙክ መንገድ እኔ ያውቃል። መኪና ሲገለበጥ መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል። አንተ ቆጠረ?»

ዋቅሹማ ሊቆጣ ነበር፤ ግን አልቆጠረማ።

ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ የዘለላቸውን ረድፎች ቁጥርና ምክንያቱን መዝግቦ አስቀምጦለት ነበር፤ እሱ ነው ያላየው። አርባ ሦስት ሰው ተዘልሏል። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው፤ «ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም» ይላል። ወጥቶ የሀምዲያን ወረቀት ተቀብሎ አነበበ፤ የትውልድ ቀን፣ ጳጉሜ 3። በረንዳው ላይ ስማቸውን ያጡትን ሁሉ ወረቀት ሰበሰበ። ጳጉሜ 3፤ ጳጉሜ 3፤ ጳጉሜ 3። በዚያ ቀን አገር ምድሩ አምጦ ነበር ማለት ነው።

ወረዳው ላይ ሰዎቹን ለመዘገበው ለዲሳሳ ደወለ።

«ምንድን ነው ይኼ ጳጉሜ ሦስት፣ ዲሳሳ?»

«ወንድሜ፣ የተወለዱበትን ቀን አያውቁም። ሀምዲያን መቼ ተወለዱ ብላቸው ዝናብ ነበር አሉኝ። ማሽኑ ደግሞ ቀን ካልሰጡት አያሳልፍም። ጳጉሜን ሰጠኋቸው።»

«ወር ሞልቶ ተርፎ ጳጉሜን?»

«ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ናት፤ ማን ይጣላኛል ብዬ።»

ዋቅሹማ በዲሳሳ ላይ መፍረድ አማረው፤ ግን ፍርዱ ዞሮ ወደ ራሱ መጣ። የአዲስ አበባው ሰንጠረዥ የትውልድ ቀንን እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚይዝ ጳጉሜን አቅፎ ተቀምጧል። የአሶሳውን ሰንጠረዥ የሠራው ራሱ ዋቅሹማ ነው፤ የቀኑን ቦታ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ እንዲቀበል አድርጎ። ፈረንጅ ደግሞ ጳጉሜ የለውም። በዐሥራ ሦስት ወር አገር አድጎ አንዷን ወር የረሳው እሱ ነው።

አለቃው ወይዘሮ ሸዋሉል ቢሮ ገባ። ሸዋሉል የሰፋሪ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚህ ወልደዋታል። እንደ ወላጆቿ ሁሉ እሷም ነገር አታስረዝምም።

«ሰዎቹ ተመዝግበዋል። የጣልኳቸው እኔ ነኝ» አላት።

«አንዲት ነጥብ አትወድቅም ስትል አልነበር?»

«ነጥብማ አልወደቀችም። ሰው ነው የወደቀው።»

ሸዋሉል አልሳቀችም። «በል አንሣቸዋ» አለችው።

ሊያነሣቸው ተነሣ፤ ኔትወርኩ ግን ሄዷል። ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ዋቅሹማ የቀኑን ቦታ ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦ፣ ትእዛዙን አዘጋጅቶ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። በመስኮቱ ሲያይ ሀምዲያ ከግቢው ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሚጮኸው በር ሁሉ እሳቸውን የሚጠራ እየመሰላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮም አያውቅም።

ረቡዕ፣ በመጨረሻው ቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ የሸዋሉል ስልክ ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሲሰቀል ትንሽ ኔትወርክ እንደሚይዝ ታወቀ። ዋቅሹማ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሀምዲያ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከአዲስ አበባው ሰርቨር ሁሉንም አልጠየቀም፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ያላቸውን ብቻ ላክልኝ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ የተለመነው ነገር አፍ እስኪጉመጠመጡ እንኳ አልፈጀም። ቆጠረ፤ አርባ ሦስት። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ተነሥቶ አንድ በአንድ ስም ጠራ፤ «አቤት!» ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አላለፈም። ሐኪሞቹ እስኪመሽ ሠሩ። ሀምዲያ የገቡት መጨረሻ ላይ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ዋቅሹማ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ማንም አልጠራውም፤ እንቅልፍ አጥቶ ስለ ነጋበት ብቻ መጣ። ሀምዲያ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ግድግዳውን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ «ጢሙ ሁሉ ነጭ!» ብለው ተገረሙ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ጎልማሳ ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«ልጄ፣ ና» አሉት። ቀረበ። እጃቸውን ወደ ሸሚዙ ዘረጉ። «ቁልፍ ተዛነፈ። አንድ ቀረ።»

ዋቅሹማ ወደ ታች ተመለከተ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ሸሚዙን ፈተው እንደገና ሲቆልፉለት፣ እሱ እንደ ልጅ ቆሞ አለቀሰ።