የባምላኩ አሮፕላን በማንኩሳ ሰንበቴ

ፍኖተ ሰላም ገብታችሁ «ካፒቴን ባምላኩ» ካላችሁ የትኛውም ባጃጅ ነጂ ደጁ ድረስ ያደርሳችኋል። አሮፕላን ግን ተሳፍሮ አያውቅም። አየር ማረፊያ ሄዶ ሰው ሸኝቶ እንኳ አያውቅም። ካፒቴንነቱ የበረራ ጨዋታ ላይ ነው፤ ጨዋታው ያለው ደግሞ በጠባቧ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ማራገቢያዋ እንደ ወፍጮ በምትጮህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ላንተ ነው» ሲሉት ኖረው ሞቱ። እሱም አልተቀየማቸውም፤ ሰማዩንም አልተወም።

የሚበላው ከሌላ ነው። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሣል፤ የሙሽራ ፎቶ ያሳምራል፤ ጅጋ የተጋቡትን ወስዶ ፏፏቴ ሥር ያቆማል፤ ብጉር ያጠፋል፤ ፀጉር የሸሸውን ግንባር መልሶ ያለብሳል። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ግን ጨዋታውን ይከፍትና የድሮ የጦር አሮፕላኖችን ያስነሣል። የጣሊያኑን ቦምብ ጣይ፣ የእንግሊዙን ተዋጊ፣ ሁሉንም እንደ ጎረቤት ያውቃቸዋል። አያዋጋቸውም፤ ለውጊያ ትዕግሥቱም ኮምፒውተሩም የለውም። ሰማይ ላይ ያቆማቸውና ዙሪያቸውን እየዞረ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንዳረፈችባቸው እያየ፣ ምስላቸውን ከስክሪኑ ላይ ይቀዳል። መካከሉ ላይ መብራት ድርግም ይላል። እንዲያው እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ የአገሩ አርበኛ ሁሉ ተኩሶ ካወረደው ይልቅ ባምላኩ ቤት መብራት ያወረደው አሮፕላን ይበልጣል።

የሚወደው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በጨዋታው ውስጥ ጎጃም አረንጓዴ ምንጣፍ ናት። ቡሬ የለች፣ ማንኩሳ የለች፤ ዛፉም የማን አገር ዛፍ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አሮፕላኗን ብቻ ቆርጦ ያወጣና በራሱ ካሜራ ባነሣው አገር ላይ ያበራታል። ለሰማዩ ቡሬ ድረስ ተሳፍሮ የሐምሌ ደመና ያነሣል። ለመሬቱ በርበሬ የተሰጣበትን መስክ ያመጣል። ጥላዋን በርበሬው ላይ ይጥልላታል፣ ሞተሯ ሥር ጥቀርሻ ይቀባላታል፤ በመጨረሻ ሁሉንም አጠይሞ አሮጌ ፎቶ ያስመስለዋል።

አንዲት የማትጣስ ሕግም አለችው። ልጅ ሆኖ ድቁና ሲማር፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚሣል አስተውሎ ነበር። ድቁናውን ተወው፣ ሕጓን ግን ይዟት ወጣ። እሱ ዘንድ የጣሊያን አሮፕላን ምንጊዜም በጎኗ ናት። ከፊት ለፊት ብታምርም፣ ማማሯን ለአገሯ ታሳይ ብሎ ያዞራታል።

አሮፕላኑ ከጨዋታ፣ ደመናው ከቡሬ ተገኘ እንበል፤ አርበኛው ከየት ይምጣ? ባምላኩ የተገኘውን ወሰደ። የተገኘው ክንዱ ነበር። ክንዱ የማንኩሳ ሰው ነው፤ ጠላ የተጠመቀበትን ቤት ከሽታው የሚለይ፣ ድግስ የማያመልጠው፣ ሥራ ሲባል ወገቡን የሚያመው። ፊቱ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የአርበኛ ፊት ነው። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ዓይኑ ከሩቅ ያያል። ያ እይታ የጥም እንጂ የጀግንነት አለመሆኑን ፎቶ አይናገርም። ባምላኩ ጋቢ አልብሶ፣ የመጥረጊያ እንጨት አስይዞ ማንኩሳ ዳር ያለው ኮረብታ ላይ አንበረከከው። እንጨቱን በኋላ በኮምፒውተር ጠመንጃ አደረገው፤ ከበላዩም የጣሊያኗን አሮፕላን በጎኗ አበረራት። ክንዱ ለድካሙ የጠየቀው አንድ ጣሳ ጠላ ብቻ ነው፤ ጣሳው በኋላ ተደጋገመ እንጂ።

ሥዕሉ ታትሞ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ፣ እማሆይ ወለተ ሐና ለመታወቂያ ሊነሡ ከማንኩሳ መጡ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቆብ ከደፉ የቆዩ፣ ምላሳቸው ግን ያልመነኮሰች ሴት ናቸው። ባምላኩ «ቀና ይበሉ እማሆይ» ቢላቸው ቀና አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን አዩ። ከበርጩማው ተነሥተው ጠጋ ብለው ቆሙ።

«ይኸ ማንኩሳ ዳር ያለው ኮረብታ አይደለም?»

«ነው እማሆይ።»

«አባቴ የሞተው እዚህ ነው። ይቺው ናት የገደለችው» አሉና ጣታቸውን አሮፕላኗ ላይ አኖሩ።

ነገሩን ቆመው ነገሩት። አባታቸው አድማሴ በጣሊያን ጊዜ ኮረብታው ላይ ሞተው ሲገኙ እሳቸው ገና በእናታቸው ሆድ ነበሩ። እናታቸው «አሮፕላን ነው የመታው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ሌላ ያየ ሰው ግን አልተገኘም። አገሩም የራሱን ወሬ አበጀ፤ አድማሴ ባንዳ ነው፣ ለጣሊያን መንገድ ሲመራ አርበኞች ናቸው የጣሉት ተባለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው አልተመለሰም። እማሆይ የባንዳ ልጅ ተብለው አደጉ፣ የባንዳ ልጅ ተብለው ተዳሩ። በድንበርም በከብትም ጠብ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ይኸ ስድብ ነበር። የመነኮሱ ዕለት እንኳ አንዷ ጎረቤት «የአባቷን ኃጢአት ልታስተሠርይ ነው» አለች። አሁን ደግሞ የደብሩ ሰንበቴ በጣሊያን ጊዜ ለወደቁት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ድንጋይ ሊያቆም ነው፤ የማን የማን ስም እንደሚቀረጽ ተነጋግረው ጨርሰዋል። አድማሴ የሉበትም።

«እንግዲህ ፎቶ አለኝ እላቸዋለሁ» አሉና ሥዕሉን ሳሙት።

ባምላኩ እዚህ ላይ «ፎቶ አይደለም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲሰደቡ የኖሩ ሴት እንባቸውን በነጠላ እየጠረጉ፣ «ጨዋታ እኮ ነው» የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? ሥዕሉን አወረደ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ደግ የሠራ መስሎት ያን ዕለት ሲያፏጭ ዋለ፣ ሞኝ።

ሥዕሉ ሰንበቴው ቤት ተሰቀለ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ጠጋ ብለው መረመሩትና «አሮፕላኗን በአንድ ዓይን አድርጓታል፤ ያነሣው ሰው ሃይማኖት ያለው ነው» ብለው አደነቁ። ክንዱም አየው። ካየው ጀምሮ አረማመዱ ተለወጠ። ቀድሞ በር አጠገብ ይቀመጥ የነበረ ሰው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ሥዕሉ ሥር ተጠጋ። የልቡን በልቡ ይዞ ቢቆይ ጥሩ ነበር፤ ግን ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ሞቅ ሲለው የጎኑን ሰው ጎሸም እያደረገ «እስቲ ያ ሰውዬ ማንን ይመስልሃል?» ይል ጀመር።

ወሬው አቶ ይታገሱ ጆሮ ደረሰ። አቶ ይታገሱ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የአያታቸው ስም ድንጋዩ ላይ መጀመሪያ እንዲሆን ያስወሰኑ፣ የአድማሴን ባንዳነት ከማንም በላይ አድምቀው የሚያወሩ። «ፎቶውን ያወጣው ሰው ይጠራ፤ ሰው ፊት በግዝት ይጠየቅ» አሉ። ባምላኩ ተጠራ። ድቁና የተማረ ሰው ፖሊስ ቢጠራው ይሄዳል፣ ግዝት ቢጠራው ይንቀጠቀጣል። በሚኒባስ ማንኩሳ እስኪደርስ ድረስ ሁለት መልስ ሲያመላልስ ነበር። ቢዋሽ ነፍሱ፣ ቢያወጣው እማሆይ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ዳቦውን ይዞ ተቀምጧል። ክንዱ ማሰሮ አቅፎ ጠላ ይቀዳል፤ በሰንበቴ በመቅዳት የሚቀድመው ሰው የለም። ቄስ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን አውጥተው ባምላኩን አስነሡት።

«የምታውቀውን ብትሸሽግ ገዝቼሃለሁ። ይህን ፎቶ ከየት አመጣኸው?»

ባምላኩ እማሆይን አያቸው። እሳቸው መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው እንደ ሌላው ሰው መልሱን ይጠብቃሉ፤ አይጠቅሱትም፣ አይለምኑትም። ይኸ ባሰበት።

«እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አባቴ» አለ። «አሮፕላኗ ከጨዋታ የተቀዳች ናት። ደመናው የቡሬ ነው። ጠመንጃውም የመጥረጊያ እንጨት ነው።»

«ሰውየውስ?»

ባምላኩ ቀና ብሎ ወደ ሥዕሉ አየ፤ ሰውም ሁሉ አብሮት አየ። ክንዱ ማሰሮውን እንዳቀፈ ከሥዕሉ ሥር ቆሟል። ላይ አንድ ክንዱ፣ ታች አንድ ክንዱ፤ ልዩነታቸው የላይኛው ጠመንጃ መያዙ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ጠላው በአፍንጫቸው ወጣ። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«መንበርከኩ ግን እውነት ነው። ጉልበቴን እስካሁን ያመኛል» አለ ክንዱ።

አቶ ይታገሱ አልሳቁም። ሳቁ በረድ እስኪል ጠብቀው ተነሡና «ይኸው ነው እንግዲህ» አሉ። «በመጥረጊያ እንጨት አርበኛ አይሆንም። ማስረጃ የሌለውን ሰው ድንጋይ ላይ አንጽፍም። ብዬ አልነበረም?»

ባምላኩ አንገቱን ደፋ። አሮፕላን ሲያበር በኖረባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ አወዳደቅ አልደረሰበትም። እኚህን ሴት ሰማንያ ዓመት ሲሰደቡ መኖራቸው አንሶ፣ ዛሬ እሱ መሳቂያ አደረጋቸው። ያን ኮምፒውተር ቤቱ ሲገባ እንደሚሸጠው ለራሱ ማለ።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ክንዱ መሆኑንማ ቤቴ ገብቼ መነጽሬን ያደረግሁ ዕለት ነው ያወቅሁት» አሉ። «ክርስትና ሲነሣ ነበርኩ። ያኔም ጮሆ ጮሆ ዝም ያለው አፉ ላይ የሚጠጣ ሲደረግለት ነው።»

አሁንም ሳቅ ሊነሣ ነበር፤ ቄሱ በእጃቸው አስታገሡት። «ታዲያ እያወቁ ምነው አመጡት እማሆይ?»

«ይኸ አገር ማስረጃ መጠየቅ ያውቅ እንደሁ ልይ ብዬ ነዋ። ለካ ያውቃል። ሰው ከፍኖተ ሰላም ማስጠራት ያውቃል፣ ግዝት ያውቃል፣ ምስክር ማቆም ያውቃል። አድማሴ ባንዳ ነው ያላችሁ ዕለት ግን ፎቶ ያመጣ ማነው? ማንስ ተገዘተ?»

ክንዱ እንኳ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ መስቀሉን ወደ አቶ ይታገሱ አዞሩት።

«ግዝቱ አልተነሣም። እርስዎስ አቶ ይታገሱ፣ አድማሴ ለጣሊያን ሲያድር ያየ ያውቃሉ?»

«እኔ እንኳ ከአባቴ ነው የሰማሁት።»

«አባትዎስ አይተው ነበር?»

አቶ ይታገሱ ወደ ጣራው አዩ፣ ወደ ጫማቸው አዩ። «እሱም ሲባል ሰምቶ ነው» አሉ።

«ሌላ ያየ አለ?» አሉ ቄሱ፣ ቤቱን በዓይናቸው እየዞሩ። ያን ወሬ በልጅነቱ ያልሰማ፣ አድጎም ያላወራ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። አንድም ሰው አየሁ አላለም።

«እኔም ሰማንያ ዓመት ስሰማው ኖርኩ» አሉ እማሆይና ተቀመጡ።

ቄሱ «እንግዲያ በዓይኔ አየሁ ያሉት የእማሆይ እናት ብቻ ናቸው» አሉ። የአድማሴ ስም ድንጋዩ ላይ ይቀረጻል ካሉ በኋላ፣ ለሙታን እንደሚደረገው ስሙን ጮክ ብለው ጠሩት። ማኅበርተኛው ተነሥቶ «ነፍስ ይማር» አለ። ባምላኩም ከሁሉ ጋር አለ። አቶ ይታገሱም፣ ዘግይተው፣ አሉ።