የሊፍት ብልሽት ስመዘግብ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ድምፅ መስማት ነበር። ካዛንቺስ ያለ የሊፍት ጥገና ድርጅት ነው። ታላቅ ወንድሜ ቢኒያም እዚያ ቴክኒሺያን ስለነበር እሱ ነው ያስገባኝ። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ መስፍን ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ሰጡኝ። ቴክኒሺያኖቹ ሥራ ሲጨርሱ በቴሌግራም ድምፅ ይልካሉ፤ እኔ እየሰማሁ ኤክሴል ላይ አሰፍራለሁ። የሕንፃው ስም፣ የማሽኑ ዓይነት፣ ምን ተበላሸ፣ ምን ተቀየረ።

መጀመሪያ የሰማሁት የቢኒን ድምፅ ነው። «ማሙሽ፣ የበሩ ሮለር ተበልቷል፣ ቀይሬዋለሁ። ሮለር ምን እንደሆነ ካላወቅክ ጠይቅ፣ እንደ ቤት አትኩራብን» ይላል። ድምፁ የተላከው በቴክኒሺያኖቹ ቡድን ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ማሙሽ አሉኝ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ መስፍን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና የጻፍኩት እንዴት እንደሚነበብ አሳዩኝ። አንድ ሊፍት ቶሎ ቶሎ ከቆመ ባለቤቱ ተማሯል ማለት ነው። ሳይደውል ቀድመን ሄደን የዓመት ውል እናቀርብለታለን። ማሽኑ ካረጀ ደግሞ ማደሻ እንሸጥለታለን። «ዝም ብለህ ብልሽት የምትጽፍ እንዳይመስልህ» አሉኝ። «የሁላችንም እንጀራ እዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። አንዲት የሆቴል ባለቤት የሽያጭ ሠራተኛችን ውል ይዞ ሲመጣ፣ ሊደውሉልን ስልክ አንስተው እንደነበር ነገሩት። ማን ነገራችሁ ብለው ጠየቁ፣ ፈረሙም። መለዋወጫም ሳያልቅ ቀድመን ማስመጣት ጀመርን። ቴክኒሺያኖቹ ወደ አንድ ሕንፃ ከመግባታቸው በፊት ይደውሉልኛል፤ እኔ የማሽኑን ታሪክ አነብላቸዋለሁ። ያኔ ሥራዬን እወደው ነበር። ማለቴ፣ ኮርቼበት ነበር።

ከዚያ አንድ ቴክኒሺያን ለቀቀና ደንበኞች ይዞብን ሄደ። በእኛ ሙያ የተለመደ ነው። ቴክኒሺያን በትርፍ ሰዓቱ የግል ሥራ ይሠራል፣ ሲጠነክር ራሱን ይችላል። አቶ መስፍን ግን ሠንጠረዡን ቆለፉት። የቆየውን መክፈት የሚችሉት እሳቸውና ሽያጭ ብቻ ሆኑ። እኔ አዲስ ከመጻፍ በቀር አልችልም። ለቴክኒሺያን የሚነገረው አድራሻና የደንበኛው ቅሬታ ብቻ ሆነ።

ቢኒ ቢሮ ገብቶ ተከራከረ። «ሐኪምን የበሽተኛውን ካርድ ደብቀው አክም ይሉታል?» አላቸው። አቶ መስፍን፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ይዞ ሌላ ክሊኒክ ከሄደስ ብለው መለሱለት። ቢሮው ሳቀ። ቢኒም ሳቀ።

አንድ ቀን አንጋፋው ቴክኒሺያናችን ጋሽ ሽኩር ከባምቢስ ድምፅ ላኩ። አንድ ማሽን ፍሬኑ ዘይት ጠጥቷል፣ አይዝም፤ የቆመ ካቢን፣ ማለትም ሰው የሚገባበት ሳጥን፣ ተንሸራትቶባቸዋል። የዚህ ዓይነት ማሽን ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ሲያረጅ ዘይት ወደ ፍሬን ያሳልፋል፣ ያለበት ሕንፃ ሁሉ ይታይ አሉ። ጻፍኩት። አቶ መስፍን ጋ ገብቼ የሕንፃዎቹ ዝርዝር ወጥቶ ለቴክኒሺያኖቹ እንዲላክ ጠየቅኩ። አይሆንም አሉ። ቴክኒሺያን ለጥበቃው ይነግራል፣ ጥበቃው ለባለቤቱ፣ ባለቤቱ ፍሬኑን ከሌላ ቦታ ያስቀይራል። መጀመሪያ ሽያጭ ለሁሉም ዋጋ ያቅርብ፣ ከዚያ ይነገራቸዋል አሉ።

ማታ ላንቻ ቤታችን ስንገባ ለቢኒ ነገርኩት። ከጋሽ ሽኩርም ሰምቶ ነበር። ማለቴ፣ ቢኒ ስለ ፍሬኑ ያውቅ ነበር። የማያውቀው የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሆነ ነው። ሠንጠረዡ ተቆልፎብኝ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ቢኒ ካዛንቺስ ውስጥ ወደ አንድ ሕንፃ ተላከ። ገብቶበት አያውቅም። ትእዛዙ «በር አይዘጋም» ይላል፣ ሌላ የለውም። የማሽን ክፍሉ ቁልፍ አስተዳዳሪው ጋ ነው፤ አስተዳዳሪው አልነበረም። ለበር ሥራ ማሽኑን ማየት ግድ እንዳልሆነ ሙያው ውስጥ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ሞተሩን የሚያጠፋውን ማቆሚያ ተጭኖ ካቢኑ ጣራ ላይ ወጣ። ማሽኑ ግን ጋሽ ሽኩር ያሉት ዓይነት ነበር። ባዶ ካቢን ፍሬኑ ሲከዳው የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ያለው የማመጣጠኛ ብረት ከእሱ ይከብዳል፣ ይስበዋል። ከላይ ኮንክሪት ነው።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አቶ መስፍን ድንኳን መጥተው እናቴ አጠገብ ተቀመጡ። አለቀሱ። የውሸት ነው አልልም።

ሥራ ስመለስ ሠንጠረዡን ከፈቱልኝ። ያ ማሽን ያለባቸውን ሕንፃዎች አውጣ፣ ለባለቤቶቹ የፍሬን ቅየራ ዋጋ ይላካል አሉ። ደብዳቤው ተዘጋጅቷል። «በቅርቡ በአንድ ሕንፃ ላይ ከደረሰው አደጋ በመነሳት» ብሎ ይጀምራል። አደጋው ወንድሜ ነው። ዝርዝሩ መጀመሪያ ለቴክኒሺያኖቹ ይሂድ አልኳቸው።

«ይሄዳል። ዋጋው ይውጣና።»

«ባለፈውም ይህንኑ ነው ያሉኝ።»

አቶ መስፍን፣ ሐዘን ላይ ነህ፣ ሌላ ሰው ይሠራዋል፣ ቤት ሄደህ ዕረፍ አሉኝ።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ዝርዝሩን አወጣሁና ለቴክኒሺያኖቹ ቡድን ላክሁት፣ የሕንፃውን ስም ከነማሽኑ። ወዲያው ጋሽ ሽኩር ደወሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ አንድ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ሊገቡ ነበር። እሳቸውም የተላኩት ለበር ነው።

«ማሙሽ» አሉኝ። «በቃ፣ ማሽኑን ሳላይ አልወጣበትም።»

የድርጅት ምስጢር አውጥቷል ተብዬ ተሰናበትኩ። የፍሬን ዋጋው ደብዳቤ ግን ሠርቷል፤ ብዙ ባለቤቶች እንደፈረሙ ሰምቻለሁ። አሁን አንድ የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ጋ ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ማን ምን እንደገዛ፣ ማን እንደቀረ እመዘግባለሁ።

መረጃ ድርጅት ያሳድጋል፤ አይቻለሁ፣ አልክድም። እናንተ አዲስ የምትገቡ ግን ሪፖርት ሲደርሳችሁ፣ ይህን ሳያውቅ ወደ ሥራው የሚገባው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ለእሱ ላኩ። ሽያጭ ይጠብቃል።