ሰባተኛዋ ቁልል

የልጅ ልጄ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛን ስትደምር ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ጋር ደምራ ሁለት ሰባተኛ ብላ ጽፋ አመጣችልኝ። ላሳያት ብዬ ማሽላ ከጆንያ መሬት ላይ ስዘረግፍ አቧራው አፍንጫዬን ሞላውና፣ ጣሊያን መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ገለባው አንገታችንን እየበላ ከሱዳን በኩል የሚመጣውን ነፋስ ወደምንጠብቅበት አውድማችን ወሰደኝ።

አባቴ ሲሞት መሬታችንን የወሰደው ጣሊያን የሾመው ጭቃ ሹም ነበር፤ ጣሊያኖች የሰጡትን የብረት ቆብ ጥላ ሥር እንኳ የማያወልቅ፣ ላቡ በጉንጩ ሲወርድ የሚያለቅስ የሚመስል ሰው። እናቴና ወንድሜ ያንኑ መሬት በውል ያርሱለት ጀመር፤ ለድካማቸው ሲሶ፣ ማለት አንድ ሦስተኛ፣ ለበሬዎቻችንና ለዘራችን ደግሞ እርቦ፣ ማለት አንድ አራተኛ ሊሰጣቸው። ወንድሜ ግን መከሩ ሳይደርስ አርበኞቹን ተከትሎ ዱር ገባ፤ እናቴም ከድርሻችን ስንቅ ልትልክለት ቆርጣ ነበር። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

በመካፈያው ቀን ጭቃ ሹሙ ምርቱን አራት ቦታ እኩል አስቆለለና ሁለቱን ወደ እናቴ አስገፋ፤ ሲሶሽ አንድ፣ እርቦሽ አንድ፣ አንድና አንድ ሁለት ነው አለ። እናቴ ቁናዋን አንስታ ተነሳች።

«ጌታው፣ ሲሶ ከእርቦ ይበልጣል። ትልቁንና ትንሹን እንደ አንድ አይቁጠሩብኝ፤ መጀመሪያ እኩል እናድርጋቸው።»

ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ምርቱን በቁናዋ እየሰፈረች አሥራ ሁለት እኩል ቁልል አደረገችው። አራቱ ሲሶ፣ ሦስቱ እርቦ፤ ሰባት ሆነ። እሱ የሰጣት በዚህ ስፍር ስድስት ነበር። ሰባተኛዋ የወንድሜ ስንቅ ናት።

ጭቃ ሹሙ ለአንዲት ቁልል ስትል መሬቱን እንደምታጣ ነገራት።

«መሬቱንማ ወስደውታል፤» አለችው፤ «እህሉ የእኔ ነው።»

ሰባቱንም በአህያ ጭነን ሄድን።

ክረምት ሳይገባ አባረረን፤ ድንበር ተሻግረን የሰው ጥግ ያዝን። ወንድሜ ስንቁ ደርሶት በልቷል፤ ጣሊያን ሲወጣ ግን ከተመለሱት መካከል አልነበረም። በአውድማችን ላይ ዛሬ ትራክተር ሰሊጥ ይዘራበታል፤ የት ጋ እንደነበረ እንኳ ለይቼ ማሳየት አልችልም።

ይህን እየነገርኳት ከማሽላው አሥራ ሁለት ቁልል ሠራሁላት፤ የልጅ ልጄ ሰባቱን ቆጥራ ስታበቃ፣ ለአንዲት ቁልል መሬት ይታጣል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ካተረፍነው ላይ ያጣነውን ልቀንስ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬያለሁ፤ መሬትና ወንድም ከአንዲት እናት እምቢታ ጋር በምን ቁና ይሰፈራሉ? አልሆነልኝም። ይቆጨኛል፣ ያንገበግበኛልም። ነገር ግን ያ ቀን ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ እናቴ ሰባተኛዋን ታነሳ ነበር፤ እኔም አህያውን እይዝላት ነበር።