ጠጉር መንደፊያው ሞላሌ አደረ

እመቤት ሥራዋ ምን እንደሆነ ለእናቷ አስረድታ ጨርሳ አታውቅም። ዘመሮ ተወልዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እዚያው «የቴክኖሎጂ ሽግግር» በሚባል ክፍል ተቀጥራለች። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ይፈጥራሉ፤ እሷ ደግሞ ያንን አምርቶ የሚሸጥ ሰው ትፈልጋለች፤ ዩኒቨርሲቲው ከሽያጩ ድርሻውን ያገኛል። ሲያወሩት ማር ነው! መጋዘኑ ግን ማንም ባልወሰዳቸው ፈጠራዎች ታጭቆ በሩ አልዘጋም ብሏል።

የዶክተር መርስዔ ኃዘን ማሽን እዚያ ሲገባ ማየት አልፈለገችም። የበግ ጠጉር መንደፊያ ነው። ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ሰው ጠጉሩን በደጋን ሲነድፍ ትከሻው ያልቃል፤ ይኼኛው ፔዳሉን ሲረግጡት ይነድፋል። ሞላሌ ላይ ብየዳ ቤት ያለው አወቀ «አምርቼ እሸጣለሁ፤ ሲነድፍ በዓይኔ ካላየሁ ግን አልፈርምም» አለ። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ «ዘንድሮ ካልተፈረመ፣ ወደ መጋዘን!» ብለው ቆርጠዋል።

ቀን ሲመረጥ ዶክተሩ «አሥራ ሁለት ይሁን» አሉ።

«ሚካኤል ነው እኮ።»

«ታዲያ ጥሩ! ሰው ሥራ አይኖረውም፤ ሁሉም ይመጣል።»

እሷም እውነት መሰላት።

በእርግጥም ማሽኑን በዩኒቨርሲቲው መኪና ሞላሌ ሲያደርሱት ሁሉም መጣ። ነዳፊው፣ ፈታይዋ፣ ሸማኔው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው ማሽኑን ከበቡት። «እስቲ አንድ ሰው ይርገጥልን» ሲባል ግን ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«በሚካኤል ጠጉር? እኔ አልነካም!» አለች አንዷ።

«የሚሠራው እኮ ማሽኑ ነው!» አለች እመቤት።

«እግሩስ የማን ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ዶክተሩ ተናደው ራሳቸው ፔዳሉ ላይ ወጡ።

«አንተ መርስዔ!»

እዚያው ሞላሌ የሚኖሩት እናታቸው ወይዘሮ ተሾመች ናቸው፤ ለካ ከሰዉ መሃል ቆመዋል። «የሚካኤልን ጠበል ጠዲቅ እየቀመስክ ያደግክ ልጅ! አንሣ እግርህን!»

ዶክተሩ አነሡ።

«ነገ አይሻልም?» አለ አወቀ።

ነገ! መኪናው የተፈቀደው ለዛሬ ብቻ ነው። እመቤት ማሽኑ ፊት ቆመች። «ማሽኑ እዚህ ያድራል» አለች።

«ያለ ውል?» ዶክተሩ ጮኹ። «ፈታትቶ ቀድቶ ይሠራዋል! የስንት ዓመት ድካሜን!»

«ይቅዳው! መጋዘን ከገባማ የሚያየው አይጥ ብቻ ነው!»

«እህቴ፣ እኔ እኮ እዚሁ ቆሜያለሁ» አለ አወቀ።

ሾፌሩን ሰለሞንን ባዶ መኪናውን ይዞ እንዲመለስ ነገረችው። ዶክተሩ ማሽናቸውን እናታቸው ቤት አስገብተው አጠገቡ አደሩ።

በነጋታው እኒያ ሽማግሌ ማንም ሳይቀድማቸው ረገጡት። ጠጉሩ እንደ ጉም እየተነፋ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ወዲያው ግን ቅባታም ጠጉር ጥርሱ ላይ ተጠመጠመና ማሽኑ ቀጥ አለ።

አወቀ መፍቻውን ይዞ ተጠጋ። ዶክተሩ ማሽኑን እንደ ልጃቸው አቀፉት። «ሳትፈርም አትፈታም!»

«ምን እንደያዘው ልየው እንጂ!»

«ፈርምና እየው!»

አወቀ አላስቻለውም። እመቤት የዘረጋችውን ውል እዚያው ማሽኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ወዲያው ሁለቱም አንገታቸውን ማሽኑ ውስጥ ቀብረው መነታረክ ጀመሩ።

እሷ ለኃላፊዋ ደወለች። «ፈረመ!»

«ጎሽ» አሉ። «መኪናው ባዶውን የመጣበትን ምክንያት ግን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ።»